የእጅ ሥራና እኛ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ዛሬ እኛ የታክሲ ነጂዎች፣ ያውም ስለ ዶቃና ስለ ሽቦ እንድንናገር ስለተፈቀደልን ኮሚቴውን ከልብ እናመሰግናለን። ንግግሩ በአንድ ሰው አፍ ይቅረብ እንጂ ቃሉ የሁላችንም ነው። እኛ ማለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ አዳራሽ ጓዳ አንድ ጠረጴዛ ከብበን የምንቀመጥ ስድስት ሰዎች ነን።

ስትገቡ በር ላይ የተዘረጋውን የአንገት ጌጥ፣ ጉትቻና አምባር አይታችሁ «የትኛዋ እኅታችን ናት የሠራችው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ነበራችሁ። የሠራነው እኛው ነን።

ነገሩ የተጀመረው በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ መጠበቂያ ሜዳ ነው። እንደምታውቁት የእኛ ሥራ ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ መጠበቅ ነው። ሰው በስልኩ መኪና መጥራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መጠበቁ በዛ። ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆመን አንድ መንገደኛ የምናገኝበት ቀን አለ። በዚያ ሰዓት ካርታ እንጫወታለን፣ ወሬ እናወራለን፣ ወሬው ወደ ፖለቲካ ይዞራል፣ ፖለቲካው ወደ ኩርፊያ ይዞራል። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን የልጁን የተበጠሰ የአንገት ጌጥ በሶፍት ጠቅልሎ አመጣና በዓሣ ማጥመጃ ክር ይሰካው ጀመር። ዶቃው እየተንከባለለ ከመቀመጫ ሥር ሲገባበት ሌሎቻችን መልቀም ጀመርን። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት እንዲሉ፣ በሳምንቱ ሁለት ሆነን፣ በወሩ አምስት ሆነን ቁጭ አልን።

ለነገሩ ሽቦ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያ መኪናችን የሽቦ መኪና ነበረች። ከአጥር የተረፈ ሽቦ ጠምዝዘን፣ በአሮጌ ጫማ ሶል ጎማ ሠርተን፣ ረጅም መሪ ተክለን መንደሩን ዞረንባታል። መንጃ ፈቃድ ያወጣነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ ትምህርት ሲበረታ «በሽቦ የሚጫወት ደደብ ነው» እየተባልን ጣልነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ጫፉ ክብና ሾጣጣ የሆነ ትንሽ ፒንሳ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ሌላ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ የመዳብ ሽቦና ዶቃ። እዚህ አገር ሽቦ የሚሸጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። 20 ቁጥር ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ለጉትቻ ማንጠልጠያ ይሆናል። 24 ቁጥር 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ለመጠምጠም ይመቻል። የትናንሽ ዶቃዎች ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 11 ቁጥር የሚባለው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 6 ቁጥር ግን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንደ እኛ ዕድሜና ፀጉር ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይሳሳል።

ጉትቻ ለመሥራት ዶቃውን በሽቦው ላይ ይሰኩና ጫፉን በክቡ ፒንሳ ጠምዝዘው ቀለበት ያወጣሉ። የተረፈውን ከቀለበቱ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ይቆርጣሉ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሁለቱ ቀለበቶች እኩል እስኪሆኑልን ድረስ ግን ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ጥፋትም አድርገናል። ርካሽ የጆሮ ማንጠልጠያ ገዝተን የሠራነው ጉትቻ የአንዳችንን ልጅ ጆሮ አሳብጦታል። ኒኬል ያለበት ብረት ለብዙ ሰው ቆዳ እንደማይስማማ የተማርነው ያን ጊዜ ነው። አሁን ጆሮ ውስጥ ለሚገባው የምንጠቀመው ንጹሕ ብር ወይም ታይታኒየም ብቻ ነው።

ከጌጡ ይልቅ የሚያስደስተን ጥገናው ነው። የአባቶቻችን መቁጠሪያ ሲበጠስ ወደ እኛ ይመጣል፤ 41 ወይም 64 ፍሬ ቆጥረን እንመልሳለን። የሙስሊም ወንድሞቻችን ሙስበሃ ሲበጠስም ይመጣል፤ 33 ወይም 99 ፍሬ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ተዘርግተው ሲታዩ ደስ ይላል። እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ብቻ ነው። በእርግጥ ሁሉም አልወደደልንም። አንዲት እናታችን የዶቃውን ሣጥን አይተው «ይህን ጨሌ ወዲያ! የዛር ዕቃ ደጄ አይደርስም» ብለው ተቆጥተው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጃቸው የጥምቀት ስጦታ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ተገዝቷል።

አሁን ለመናገር ወደከበደን ነገር እንምጣ።

አንድ ቅዳሜ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አምባር ልንሠራ ስንሞክር ሽቦው እየደረቀ ሦስት ጊዜ ተሰበረብን። መዳብ ሲታጠፍና ሲዘረጋ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ስድስተኛው ጓደኛችን እስከዚያ ቀን ለወሬ እንጂ ለሥራ አይቀመጥም ነበር። ዝም ብሎ ተነሣ፣ ሽቦውን ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ገባ፣ በምድጃው እሳት ላይ ቀይ እስኪሆን አጋለው፣ ውኃ ውስጥ ነከረውና መልሶ ሰጠን። እንደ ክር ለስልሷል። «ከየት ተማርከው?» አልነው። ብዙ ቆይቶ «አባቴ ብር ሠሪ ነበር» አለን።

ይህን ሰው 17 ዓመት እናውቀዋለን። ሚዜው ሆነናል፣ ልጆቹን ክርስትና አንሥተናል። የአባቱን ሥራ ግን አናውቅም ነበር። ቀስ በቀስ አወራን። አባቱ ጠገራ ብር ያቀልጥ ነበር፤ ያ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም የሚመዝነው ብር ማለት ነው። ያን አቅልጦ፣ በተበሳ ብረት እየሳበ እንደ ፀጉር አቅጥኖ፣ የሙሽራ ድሪ፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል ይሠራበት ነበር። ልጁም ወናፍ እየነፋ አድጓል። ቀን ቀን ሰዎች መጥተው ያሠራሉ። ማታ ማታ ደግሞ «ቡዳ» እያሉ ልጆቻቸውን ከደጁ ያሸሻሉ። መስቀሉን እየተሳለሙ የሠራውን እጅ ይጸየፋሉ።

ከዚያም አንድ ነገር አስታወሰን። ከብዙ ዓመት በፊት በመጠበቂያው ሜዳ፣ በአንድ መኪና ውስጥ ቡና እየጠጣን፣ ከእኛ አንዳችን ስለ ዘመዱ ጋብቻ ሲያወራ «አጥንቷን አጣሩ፣ የቀጥቃጭ ዘር እንዳትሆን» ብሎ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። እሱም አብሮን ተቀምጦ ነበር። «ያን ቀን ቡናው አልወረደልኝም» አለን።

ወገኖቻችን፣ ያን ቃል የተናገረው ያልተማረ ሰው አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰድብ አዋጅ ማስነገራቸውን ያውቃል። በትምህርት ቤት አጥንቶ፣ ተፈትኖበት፣ ማርክ አግኝቶበታል። አዋጁን ከ100 ዓመት በኋላ በቃሉ እያወቀ፣ በአፉ ግን ስድቡን ይዞ ባሕር ተሻገረ። ሻንጣችን ሲፈተሽ ያልተያዘ ዕቃ ቢኖር ይህ ነው። የሳቅነውም ከተናገረው አንሻልም።

ስለዚህ ዛሬ የቆምነው ዶቃ ለመሸጥ ብቻ አይደለም። ይቅርታ ለመጠየቅም ነው። ጓደኛችንን ለብቻው ጠይቀነዋል፤ ዛሬ ደግሞ በአዳራሹ ፊት እንጠይቀዋለን። ምናልባትም ከመካከላችሁ እንደ እሱ የአባቱን ወይም የእናቱን ሥራ ደብቆ የሚኖር ይኖራልና እሱንም፣ እሷንም እንጠይቃለን።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ለማኅበሩ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የቅዳሜው ጠረጴዛ ለልጆቻችን ይከፈት። ዶቃ ሊውጡ የሚችሉ ሕፃናት ካልሆኑ በቀር ወንድም ሴትም ይምጣ። ልጆቹ ለአማርኛ ትምህርት ሲጠሩ ያኮርፋሉ፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ሳያውቁት በአማርኛ ሲያወሩ ሰምተናል። ሁለተኛ፣ ፈትል፣ ስፌት፣ ሽመና፣ ሸክላ የምታውቁ እናቶችና አባቶች በመምህርነት ተቀመጡልን። እኛ ሽቦ ከማጣመም ያለፈ ሙያ የለንም፤ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ። ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ማንም አባል በዘሩ ወይም በወላጆቹ ሥራ እንዳይነቀፍ የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲጨመር እንጠይቃለን። ደንብ ብቻውን አፍ እንደማይዘጋ ከአዋጁ ተምረናል። ቢሆንም ልጆቻችን ያንብቡት።

ከዛሬው ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በሙሉ ለሐዘን መረዳጃ ሣጥናችን ገቢ ይሆናል። ለእኛ የሚቀርልን በጣታችን ላይ ያለው የሽቦ ጭረት ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል የለ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ብለን እንሰናበት። በር ላይ ከተዘረጋው ሁሉ መካከል በመሐል የተቀመጠው የብር ድሪ የእኛ እጅ ሥራ አይደለም። የጓደኛችን ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ እሱም አይሸጥም። ታሪኩን እንድንነግራችሁ ፈቅዶልናል። «ስሜን ግን አትጥሩ» ብሎናል። እኛም ቃላችንን ጠብቀናል። ማኅበራችን 20ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት ቀን ግን ይህ ሰው በዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ስሙንና የአባቱን ስም በራሱ አፍ እንዲነግረን ምኞታችን ነው። ያ እንዲሆን ወይም እንዳይሆን የሚያደርገው የእኛ የአዳራሹ ሰዎች አፍ ነው።