ሰፊ ሳንቃን በመኪና ስለ መላግ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን ጠረጴዛ ከአንድ የዋንዛ ግንድ እንዲሠራ ታዘዘ። ጠረጴዛው መጥቶ በቆመ ጊዜ ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራ ስለ ነበረ ሁላችንም ዙሪያውን እየዞርን ዳሰስነው፤ አለቃችንም ሠሪውን አመሰገኑ። ነገር ግን ሁለት በጋ እንኳ ሳያልፍበት መሐሉ ጐበጠ፤ ግራና ቀኙ ዘቀዘቀ፤ አንደኛው እግሩም ከወለሉ ተነሣ። በላዩ የተኛ ብዕር ማንም ሳይነካው ተንከባልሎ ይወድቅ ጀመር። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሓፊ ክንዱን ባሳረፈ ቍጥር በወዲያኛው ጫፍ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩ ነበር። ለጊዜው ከእግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት ተደረገለት፤ ወረቀቱም፤ በኋላ እንዳየሁት፤ መልስ ያልተሰጠበት ማመልከቻ ነበረ። ይህ ነገር ስለ ምን እንደ ደረሰ ለማወቅ ስል ወደ እንጨት ሥራ ቤቶች መመላለስ ጀመርሁ፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚያ የተገኘ ነው።

ጠባብ ጣውላን ማቃናት ቀላል ነው። አናጢው በእጅ መላጊያው ቢያስተካክለው፤ ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠራው የመላጊያ መኪና ጥቂት ጊዜ ቢያሳልፈው ይበቃዋል። ችግር የሚመጣው ግንዱ ሳይከፋፈል በሙሉ ወርዱ በተሰነጠቀ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ሳንቃ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር፤ አንዳንድ ጊዜም ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል፤ በየሥራ ቤቱ የሚገኘው የመላጊያ መኪና አፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ቢገባበትም እንኳ ሌላ እንቅፋት አለ። ውፍረት የሚያስተካክለው መኪና እንጨቱን በብረት ተሽከርካሪዎች ተጭኖ ይስበዋል። ጠማማው ሳንቃ በጭነቱ ሥር ለጊዜው ይቃናል፤ ተልጎ ሲወጣ ግን እንደ ሞላ ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ፤ ነገር ግን ያልተቃና ሳንቃ ይገኛል ማለት ነው።

መሐንዲሶች ይህን ነገር ማሰብ የጀመሩት በቅርብ ጊዜ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1802 ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ ስለ አንድ የመላጊያ መኪና የባለቤትነት መብት አገኘ። መኪናውም ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ነበረው፤ በዘንጉ ታች የተገጠመው ትልቅ ክብ በፊቱ ላይ ብዙ ቢላዎች ተሰክተውበት ይሽከረከራል፤ እንጨቱም በሠረገላ ተጭኖ በሥሩ ያልፋል። በዎሊች የጦር መሣሪያ ሥራ ቤት ይህ መኪና ሠርቷል። ዛሬ ለሰፊ ሳንቃ የሚያገለግለው ዘዴ ሐሳቡ ከዚሁ ጋራ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሳንቃው ከተኛበት ሳይነቃነቅ ቈራጩ በላዩ መመላለሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሳንቃው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጥ ያሉ ሐዲዶች ይዘረጋሉ። በሐዲዶቹ ላይ ተሻግሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ድልድይ ይቀመጣል። በድልድዩ ላይ ደግሞ ራውተር የተባለው የእጅ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። ከመኪናው ሥር የሚሽከረከረው ሰፊ ቈራጭ ከፍ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፤ ዝቅ ያለውን ሳይነካ ያልፋል፤ እንዲህ እየተደረገ ወደ ታች ሲወረድ በመጨረሻ ያልተነካ ቦታ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበት ነገር አለ። ቈራጩ ከራሱ ምንም ዕውቀት የለውም፤ የሐዲዶቹን መልክ በሳንቃው ላይ ይገለብጣል እንጂ። ሐዲዱ በመሐል 1 ሚሊ ሜትር ቢረግብ ሳንቃውም በዚያው ልክ ይጐደጕዳል። ይልቁንም የሚያስቸግረው ሁለቱ ሐዲዶች እያንዳንዳቸው ቀጥ ያሉ ሆነው ሳሉ አንዱ ከሌላው ጋራ ሲጣመም ነው፤ ይህን ዐይን አያየውም። አንድ ሽማግሌ አናጢ ያሳዩኝ መፍትሔ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከሐዲዶቹ አራት ጫፎች ሁለት ቀጭን ሲባጎዎች በአግድም ተሻግረው እንደ መስቀል ይወጠራሉ። መሐል ላይ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ልክ የሚነካኩ ከሆነ ሐዲዱ ደኅና ነው፤ የላይኛው ከታችኛው ከራቀ ወይም ከተጫነው አንዱ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። ሲባጎዎቹ ቦታ ተለዋውጠው ዳግመኛ መመርመር አለባቸው። «ውኃ ልክስ አይበቃም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ «ውኃ ልክ ለቤት ነው፤ ሲባጎ ለጠረጴዛ» ብለው መለሱልኝ።

ሳንቃው በሐዲዶቹ መካከል ሲቀመጥ የሚወዛወዝበት ጥግ ሁሉ በቀጭን ሽብልቅ ይደገፋል። በሞርሳ ተጨፍልቆ ወደ ታች ከተያዘ ግን መኪናው ለጊዜው የተቃናውን ይልጋል፤ ሞርሳው ሲፈታ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሳንቃው በተፈጥሮው እንደ ተኛ ይደገፋል፤ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ብቻ ይታገዳል። አንደኛው ፊት ከተቃና በኋላ ተገልብጦ ሁለተኛው ይሠራል። በተቻለ መጠን ከሁለቱም ፊት እኩል ይነሣለት፤ በውስጥ የተዘጋው ውጥረት ከአንድ ወገን ብቻ ከተለቀቀ ሳንቃው እንደ ገና ይጐብጣልና።

ስለ ቈራጩ ፍጥነት ጥቂት ልናገር። 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቈራጭ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ቢዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰዓት 136 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ራውተሮች በደቂቃ 24,000 ጊዜ ለመዞር ይችላሉ፤ ይህም ለትንሽ ቈራጭ የተሰጠ ኀይል ነው። ያንኑ ሰፊ ቈራጭ በዚህ ፍጥነት ያሽከረከረ ሰው ጠርዙን በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ አስኬደው ማለት ነው፤ ብረቱ ቢፈነጠር ከጥይት የሚለየው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቈራጩ በሰፋ መጠን ፍጥነቱ ይቀነሳል። ጥልቀቱም በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። መኪናው የሚገፋበት አቅጣጫ ቈራጩ እጅን መልሶ የሚገፋበት መሆን ይገባዋል፤ ወደ ፊት የሚስብበት ከሆነ በድንገት ዘሎ ከእጅ ያመልጣል። ከመጀመሩ በፊትም በሳንቃው ውስጥ የተቀበረ ምስማር እንዳለ መፈለግ ግዴታ ነው፤ በከተማ የበቀለ ዛፍ አጥርና ማስታወቂያ ሲሸከም የኖረ ነውና።

ሰጋቱራውም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ባወጣው መጽሐፍ የእንጨት ትቢያን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። አፍና አፍንጫን በነጠላ ጫፍ መሸፈን አይበቃም፤ ደቂቅ ትቢያ የሚያስቀር ጭምብል፤ የዐይን መነጽርና የጆሮ መክደኛ ያስፈልጋል።

በኮምፒዩተር የሚመራውን መኪና በሚመለከት ብዙ አልናገርም። እርሱም ያንኑ ድልድይ በሞተር ያስኬደዋል እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ደስ ያሰኘኝ አንድ ነገር ቢኖር፤ ባለሙያዎቹ ሳንቃውን ከመጫናቸው በፊት መኪናው የራሱን የእንጨት መደብ እንዲልግ ማድረጋቸው ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ተጣመመው ጠረጴዛ ልመለስ። አዲስ የተቈረጠ ግንድ በውስጡ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከግማሽ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲደርቅ በመጀመሪያ የሚወጣው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ስለ ሆነ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አይኰማተርም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን መኰማተር ይጀምራል፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ ያለውም መኰማተር ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ሳንቃው ስለ ቀለለ የደረቀ ይመስለዋል። የቤት ዕቃ የሚሆነው እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው። የቆየው የአናጢዎች ልማድ ለየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት በጥላ መጠበቅ ነው፤ እንደ እንጨቱና እንደ አገሩ አየር የሚለያይ ቢሆንም ከችኰላ ይሻላል። ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ከተገኘ ደግሞ መጠራጠር ቀርቷል።

በዚህ ትዕግሥት የታወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ናካሺማ ነው፤ በ1905 ተወልዶ በ1990 ሞተ። ወላጆቹ ጃፓናውያን ስለ ነበሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአይዳሆ በሚገኘው የሚኒዶካ ሰፈር ከቤተ ሰቡ ጋራ ታግዶ ነበር፤ በጃፓን ባህል የሠለጠነ አናጢ አግኝቶ የእጅ ጥበብን የተማረውም በዚያው ነው። በኋላ በፔንሲልቬንያ ሥራ ቤት ከፍቶ ሰፋፊ ሳንቃዎችን ለዓመታት እያደረቀ ያስቀምጥ ነበር። ስንጥቅ ያለበትን እንጨት አይጥልም፤ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ጠንካራ እንጨት አግድም እየሰካ ስንጥቁን ያስረዋል እንጂ። በ1986 በኒው ዮርክ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የቆመው የሰላም ጠረጴዛ የእርሱ ሥራ ነው።

ለእኛ አገር ጥንቃቄው የሚብስበት ምክንያት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ዋንዛን፤ ዝግባን፤ ኮሶንና ጥድን በመንግሥት ደን ውስጥ መቍረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች አዋጆች ተተክተዋል። የአንድ ትልቅ ዋንዛ ሳንቃ ሲበላሽ የሚተካው ዛፍ ለልጅ ልጅ እንጂ ለሠሪው አይደርስም።

የመጨረሻው ሥራ ማለስለስ ነው። ቈራጩ የተወውን ጭረት በ80 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት፤ ቀጥሎ በ120፤ ከዚያም በ180 ማጥፋት ያስፈልጋል። መብራት ከጎን ዝቅ ተደርጎ ሲበራ የቀረው ጭረት ሁሉ ይታያል፤ ያኔ ያልታየው ዘይት ሲቀባ ይታያልና፤ ያን ጊዜ መመለስ ከባድ ነው። ዘይት ወይም ቫርኒሽ ከሁለቱም ፊት እኩል ይቀባል። የመሥሪያ ቤታችንን ጠረጴዛ ከጊዜ በኋላ አራት ሰዎች ሆነን ገለበጥነው፤ ከላይ እንደ መስተዋት ያበራ የነበረው እንጨት ከሥሩ አንድ ጠብታ ቫርኒሽ አልነካውም ነበር፤ እርጥበቱም የወጣው በዚያ በኩል ብቻ ነበረ።