በአንድ አግዳሚ የተቀመጡ ልጆች
(በማኅበራችን የውይይት ሰዓት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሆሊውድ የጥንት አጫጭር የቀልድ ፊልሞች፥ ይልቁንም ሃል ሮች የተባለው የፊልም አሠሪ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. ስለ ጀመረው ‹‹አወር ጋንግ›› ነው። ትርጓሜው ‹‹የእኛ ቡድን›› ማለት ነው። እስከ 1944 ድረስ 220 ያህል አጫጭር ፊልሞች ተሠርተዋል።

ታሪኩ ቀላል ነው። የድኻ ሰፈር ልጆች ከነውሻቸው ተሰብስበው ይጫወታሉ፥ ይጣላሉ፥ ዐዋቂዎችን ያታልላሉ። የሚያስደንቀው ግን ጥቁሩና ነጩ ልጅ በአንድ ክፍል አብረው መማራቸው ነው። በዚያ ዘመን ይህ በአሜሪካ ደቡባውያን ክፍላተ ግዛት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን የነቀፈው በ1954 ነው። ስለዚህ የሮችን ሥራ እንደ ዋዛ ማለፍ አይገባም።

ነገር ግን አብሮ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ የሚሣቅበት ማን ነው ማለት ደግሞ ሌላ ነው። አለን ሆስኪንስን እንመልከት። የፊልም ስሙ ፋሪና ነበር፤ ይኸውም የገንፎ ዱቄት ነው። (ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አልፋልፋ የተባለው ነጭ ልጅም ስሙ የከብት መኖ ነው!) ወንድ ልጅ ሲሆን ጠጕሩ ተጐንጕኖ ቀሚስ ለብሶ ይታይ ነበር። ሲደነግጥ ጕንጕኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተመልካቹም ይሥቃል። ፊልሙ ገና ድምፅ ስላልነበረው ንግግሩ በጽሑፍ ሲወጣ ሆን ተብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጻፍለት ነበር። ያ አንደበት የጸሐፊው እንጂ የሕፃኑ አልነበረም።

ድምፅ ከመጣ በኋላ፥ በ1930፥ ስታይሚ የተባለው ማቲው ቢርድ ገባ። በተላጨ ራሱ ላይ ክብ ባርኔጣ የደፋ፥ ነገር የገባው ልጅ ነው። በ1931 በተሠራው ‹‹ዶግስ ኢዝ ዶግስ›› ውስጥ አንዱን ቅምጥል ነጭ ልጅ ሥጋና እንቍላል ይናገራሉ ብሎ ያሳምነዋል፤ በዚህም ብልሃት የተራቡት ልጆች ይበላሉ። እዚህ ላይ ሣቁ ከጥቁሩ ልጅ ጋር ነው እንጂ በእርሱ ላይ አይደለም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ሆኖም መሻሻሉ አልቀጠለም፤ በ1934 ባክዊት የሚባለው ልጅ ሲመጣ ያው የፋሪና ቀሚስና ጕንጕን ተመለሰ።

ፊልሞቹ ከ1955 ጀምሮ በቴሌቪዥን ታዩ። በ1971 ግን አከፋፋዩ ጥቁሮችን ያዋርዳሉ ያላቸውን ትርኢቶች ቈረጠ፤ አንዳንዱንም ፊልም ጨርሶ አነሣ። አሳቡ በጎ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልስማማበትም፤ ከስድቡ ጋር የሕፃናቱ የተዋናይነት ሥራም አብሮ ጠፍቷልና። መምህራኖቻችን በዚህ ላይ ቢከራከሩኝ ደስ ይለኛል።