ድርቅ ሳይደርስ የሚደረግ ዝግጅት




እንደሚታወቀው ድርቅ እንደ ጎርፍ በአንድ ሌሊት የሚደርስ አደጋ አይደለም። ቀስ እያለ ስለሚመጣ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል። ችግሩ ይህ ጊዜ በስብሰባና በደብዳቤ ልውውጥ ማለቁ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ አነሰ፤ በኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱም በብዙ ቦታ ተዛባ። የምግብ ዕርዳታ የሚሹ ወገኖች ቁጥር በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ ደግሞ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። አገሪቱ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም የሴፍቲኔት ፕሮግራም ስለነበራት በ1977 ዓ.ም. የታየው ዓይነት እልቂት አልተደገመም። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ይሁን እንጂ ነፍስ ማትረፍና የአርሶ አደሩን በሬ ማትረፍ ይለያያሉ። በሬው ለቀለብ ከተሸጠ፣ ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ በምን ይታረሳል?

በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ ዝናብ ካጣ አርሶ አደሩ በሐምሌ ወደ ጤፍ፣ ቆይቶም ወደ ሽምብራ ይዞራል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ዘሩ በሐምሌ ከተጠየቀ፣ ግዥው ተፈቅዶና ተጓጉዞ ቀበሌ የሚደርሰው የመሬቱ እርጥበት ካለቀ በኋላ ነው። የክረምቱ ትንበያ ግን ክረምቱ ሳይገባ ይወጣል። በመሆኑም «ዝናቡ እስከዚህ ቀን ካልጣለ ይህን ያህል ኩንታል ዘር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ከመጋዘን ይውጣ» የሚል ስምምነት ወረዳው፣ ዩኒየኑና ዘር አቅራቢው ገና በበጋው ሊፈራረሙበት ይገባል። ትንበያው ሊስት ይችላል። ቢስትም ዘሩ መጋዘን ይቆያል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም።

የመስኖ ውኃም እንዲሁ ነው። ክረምቱ እንደወጣ በግድቡ የተያዘው ውኃ ተለክቶ፣ ካነሰ የሚለማው ሄክታር ያኔውኑ ይቀነስ። ሁሉም ከዘራ በኋላ በየካቲት ውኃ መቁረጥ ዘሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ ጉልበቱንም ማባከን ነው። መጀመሪያ የሚደርቅበትም ሁልጊዜ በቦዩ ጫፍ ያለው ነው። አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። የድርቅ ጊዜ የውኃ ተራም በመተዳደሪያ ደንባቸው ገብቶ፣ የቦዩ ጫፍ ተጠቃሚዎች ባሉበት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ቢጸድቅ የውኃ አባቱን ከጠብ ያድነዋል።