አብሮ መቀመጥና መጣመር



ጂ.ፒ.ኤል. በተባለው ፈቃድ የተሰጠውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሥሪያ ቤታችሁ ለራሱ ብቻ አሻሽሎ ቢሠራበት የሚጠይቀው የለም። አሻሽሎ ለሌላ የሰጠ እንደ ሆነ ግን፣ በዚያው ፈቃድ ከነምንጭ ጽሑፉ መስጠት ይገባዋል። በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ፕሮግራሞች ይህን ግዴታ አይወራረሱም፤ ጭንቁ ሲጣመሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ብሩኖ ሃይብል ክሊስፕ የተባለውን ፕሮግራሙን፣ በጂ.ፒ.ኤል. ከተሰጠው ከሪድላይን ጋራ አያይዞ ያከፋፍል ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን ተቃወመ። ሃይብል ለየብቻ ሰጥቶ ማጣመሩን ለተጠቃሚው ለመተው ቢያስብም፣ ስቶልማን ይህንንም አልተቀበለም። ክሊስፕ ያለ ሪድላይንም መሥራት ይችል ስለ ነበረ የሃይብል ክርክር ለእኔ ከንቱ አይመስለኝም። ቢሆንም ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በመጻጻፍ አልቆ፣ ክሊስፕ ራሱ በጂ.ፒ.ኤል. ሥር ገባ።