የሲሊኮን ገጽና ፕላዝማ
(ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



በሲሊኮን ጎማ ላይ የውሃ ጠብታ ብናኖር፣ ጠል በጎመን ቅጠል ላይ እንደሚሆነው ተድቦልቡሎ ይቀመጣል እንጂ አይዘረጋም። ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወደ 110 ዲግሪ ይጠጋል። የሰንሰለቱ አከርካሪ ሲሊከንና ኦክሲጅን ሲሆን፣ ወደ ውጭ የሚመለከቱት ግን ውሃን የማይወዱ የሜቲል ቡድኖች ናቸው። (ሲሊከን ንጥረ ነገሩ፣ ሲሊኮን ጎማው መሆኑን ለተማሪዎቻችን ደጋግመን መንገር ሳይኖርብን አይቀርም።) እንዲህ ያለው ገጽ ሙጫንም ቀለምንም በቀላሉ አይቀበልም።

ግፊቱ በተቀነሰ ኦክሲጅን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚፈጠረው ፕላዝማ ሜቲሉን ነቅሎ በምትኩ ሃይድሮክሲል ያኖራል። ለዚህም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ ጠብታውም ወዲያው ይዘረጋል። እንዲህ የታከመ ሲሊኮን እንደዚሁ ከታከመ መስታወት ጋር ሲጋጠም፣ ያለ ሙጫ በሲሊከንና በኦክሲጅን ትስስር ይጣበቃል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን ረቂቅ የፈሳሽ ቦዮችን በዚህ ዘዴ አሽጎ መሥራትን እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ፣ ዘዴው በብዙ ቤተ ሙከራዎች ተለምዷል።

ይሁን እንጂ ገጹ የተደረገለትን ውለታ ይረሳል። አንድ ጊዜ ጠዋት ያከምኋቸውን ቁርጥራጮች ስብሰባ ስለ ጠራኝ ከሰዓት በኋላ አጋጠምኋቸው። ለዓይን የተጣበቁ መሰሉ። በማግሥቱ ፈሳሹ በግፊት ሲገባ መጋጠሚያው ተከፈተና የአንድ ተማሪ የወራት ናሙና ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መሣሪያውን ስወቅስ ከረምሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር፤ በጎማው ውስጥ ያልታሰሩ አጫጭር ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ይወጣሉና፣ በአየር ላይ የቆየ ገጽ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል።

ሕክምናውን ማስረዘም መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ፕላዝማ ብርጭቆ መሰል ተሰባሪ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅም ሰንሰለቶቹ በስንጥቁ ፈጥነው ይወጣሉ። የሚሻለው ያልታሰሩትን ሰንሰለቶች አስቀድሞ በሟሚ ማጠብ፣ ከሕክምና በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ማጋጠም፣ መቆየት ግድ ከሆነም በውሃ ውስጥ ማኖር ነው።

በዚያ የሙከራ መዝገቤ ላይ ማዕዘኑ ከ10 ዲግሪ በታች ተብሎ ተጽፏል፤ ቁጥሩም ሐሰት አልነበረም። ከሕክምናው ስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ተለካ ግን አልጻፍሁም ነበር።