ዋናውን አሠልጣኝ ምን እንጠይቃቸው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)



በዚህ አዳራሽ ስለ ትምህርት፥ ስለ እርሻና ስለ ባህል ብዙ ቁም ነገር ሲነገር ሰምተናል። እኛ ዛሬ የመጣነው ስለ እግር ኳስ ልንናገር ነው። «ምነው፥ ሌላ ነገር ጠፋ?» የሚለን ሰው እንደማይታጣ እናውቃለን። ነገራችን ወዴት እንደሚያመራ እስክታዩ ድረስ ግን ጥቂት ትዕግሥት እንለምናችኋለን።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመኝታ ክፍላችን በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን። በአናቱም ላይ «የብሔራዊ ቡድናችንን ዋና አሠልጣኝ ለአምስት ደቂቃ ብታገኛቸው ምን ትጠይቃቸዋለህ?» ብለን ጻፍን። አሳባችን ጥያቄዎቹን ሰብስበን በማኅበራችን ስም ለአሠልጣኙ ለመላክ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ወረቀቱ ሞልቶ ሌላ ተጨመረበት፤ 41 ጥያቄዎችም ተሰበሰቡ። ማታ ተቀምጠን ስናነባቸው ግን ሊላኩ የሚገባቸው ከስድስት አልበለጡም። ይህ አሳፈረን፤ ከጻፉት መካከል እኛም ነበርንበትና።

ጥያቄዎቹን በሦስት ከፈልናቸው።

የመጀመሪያዎቹ የጥያቄ ምልክት የተደረገባቸው ስድቦች ናቸው። «ዐይን የለዎትም ወይ?» «መቼ ነው የሚለቁልን?» «እገሌን የሚያሰልፉት የአክስትዎ ልጅ ነው ወይ?» የሚሉ ናቸው። የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነው ጓደኛችን «የጊዮርጊስ ልጆች ለምን አነሱ?» ብሎ ጽፏል። ከእርሱ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው የቡና ደጋፊ ደግሞ ስለዚያው ቡድን «የቡና ልጆች ለምን አነሱ?» ብሏል። አሠልጣኙ ለአንደኛው ቢመልሱ ሌላኛው ይቆጣል እንጂ አንዳቸውም አይረኩም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ብንነግራችሁ ይሻላል። ባለፈው ዓመት የትምህርት ክፍላችን ቡድን መሪ ታሞ ስለ ነበር፥ ለአንድ ግጥሚያ ተጫዋቾቹን የመረጥነው እኛ ነበርን። 5 ለ 1 ተሸነፍን። በማግሥቱ ምግብ ቤት ውስጥ ያገኘን ሁሉ «ምን ነካችሁ? ያንን ልጅ በረኛ ታደርጉታላችሁ?» ይለን ጀመር። ደንበኛው በረኛ በዚያች ሰዓት ፈተና ላይ ነበር። «እርሱስ ወዴት ሄደ?» ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው እንኳ ስላልነበረ፥ መልሱ በሆዳችን ቀረ። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት ያን ቀን በሚገባ ተረዳነው።

ሁለተኛዎቹ ባለቤታቸው ሌላ የሆኑ ጥያቄዎች ናቸው። ለምሳሌ «ለምን በሜዳችን አንጫወትም?» የሚለውን እንውሰድ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ስለ ከለከለ፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍም ጨዋታው የተደረገው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነበር፤ ያ ሁሉ ደስታ በባዕድ አገር ሣር ላይ ሆነ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን አሠልጣኝ የመልበሻ ክፍልና መብራት አይሠራም። ጥያቄው ለፌዴሬሽኑና ስታዲየም ለሚያሠሩት ሹማምንት መቅረብ አለበት።

እንዲሁም በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ሳለ፥ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ስለ ተገኘ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ደግነቱ ከምድባችን አንደኛ ከመሆን አላገደንም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጠየቀው «ካርዱን የሚቆጥረው ማን ነው? የሚጽፈውስ በየትኛው መዝገብ ነው?» ተብሎ ነው። የተጠየቀው ግን «ማን ይባረር?» ብቻ ነበር።

ከሰባት ሰዎች እጅ ደግሞ «በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘች አገር ዛሬ ለምን አታገኝም?» የሚል ተጽፎ አገኘን። ይህንን ለታሪክ አቀረብነው፤ ታሪክም እንዲህ ሲል መለሰልን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህ ለዘላለም ክብራችን ነው። ነገር ግን በውድድሩ የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ፥ ሁለት ግጥሚያ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስድ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ለዋንጫው የቀረቡት 16፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 24 ነበሩ። የአያቶቻችንን ድል አንሥቶ በአንድ አሠልጣኝ ራስ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም።

ሦስተኛዎቹ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። ጥቂቶች ቢሆኑም ሌሊቱን ያነጋንባቸው እነርሱ ናቸው።

አንደኛው እንዲህ ይላል። በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፥ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ተጋጠምን። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። እኛ ፍጹም ቅጣት ምት ስተን፥ በረኛችንም ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጥቶብን፥ በዐሥር ሰው ሆነን አዳነ ግርማ ባገባት ጎል 1 ለ 1 ወጣን። በሚቀጥለው ጨዋታ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ የእነርሱ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። እኛ ዐሥራ አንድ፥ እነርሱ ዐሥር ሆኑ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጎል ጨመሩብን፤ ጨዋታውም 4 ለ 0 አለቀ። ስንጎድል የበረታን፥ ሲጎድሉልን የተፈታን ምን ሆነን ነው? ለማጥቃት ስንወጣ የኋላውን ማን ይጠብቅ ነበር?

ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ የሆነውን ያነሣል። ያውንዴ ላይ ከባለ ሜዳዋ ከካሜሩን ጋር ስንጫወት ዳዋ ሆቴሳ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አገባ፤ ወዲያው አቻ ሆኑና 1 ለ 1 ለዕረፍት ወጣን። ከዕረፍት መልስ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ሁለት ጎል ገባብን፤ በመጨረሻም 4 ለ 1 ተሸነፍን። በዕረፍቱ ጊዜ ካሜሩኖች ምን ለወጡ? እኛስ ከመጀመሪያው ጎል በኋላ ኳሱን አቆይተን ትንፋሽ ለመግዛት ምን ተዘጋጅተን ነበር?

ሁለቱ አሠልጣኞች ዛሬ በዚያ ሥራ ላይ የሉም። ቢሆንም በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁሉ «ከእነዚያ ጨዋታዎች ምን ተማርን? ትምህርቱስ የተጻፈው የት ነው?» ተብለው ሊጠየቁ ይገባል። አቶ ሰውነት በ2006 ዓ.ም. ከተሰናበቱ በኋላ አቶ ውበቱ በ2013 ዓ.ም. እስኪሾሙ ድረስ ማሪያኖ ባሬቶ፥ ዮሐንስ ሳህሌ፥ ገብረ መድኅን ኃይሌ፥ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራርቀዋል። ይህ ሁሉ ሰው ሲመጣና ሲሄድ እኛ ደጋፊዎች አጨበጨብን፥ ጮኽንም፤ የጠየቅነው ግን ጥቂት ነው። ሰውን መለወጥ ቀላል ሲሆን፥ የሄደው ሰው ያወቀውን ነገር ማስቀረት ግን አድካሚ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ! እንግዲህ ከዚህ ወረቀት ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው። ጥያቄ ስንጠይቅ የሆነውን ነገር በቀኑና በውጤቱ ለይተን እናቅርብ። ተጠያቂው በእጁ ያለውን ነገር ብቻ እንጠይቀው። ከሁሉም በላይ፥ መልሱ «የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል ቢሆን ለመቀበል እንዘጋጅ። ነገ ከነገ ወዲያ ከእኛ መካከል መምህር፥ መሐንዲስ፥ ሐኪምና ዳኛ ይወጣል። ድልድይ ሲሰነጠቅ ወይም ተማሪ በብዛት ሲወድቅ «ማን ይባረር?» ብቻ የምንል ከሆነ፥ ድልድዩ በሌላ መሐንዲስ እጅ ዳግመኛ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ከ41ዱ ጥያቄዎች ስድስቱን አስተካክለን ጽፈናቸዋል። ሁለቱን ነግረናችኋል። ሦስተኛው፥ «ተጫዋቾቹን ከየክለቦቻቸው ተቀብለው ለግጥሚያ እስኪደርሱ ስንት ቀን ያገኛሉ? ስንት ቀንስ ይበቃዎታል?» ነው። አራተኛው፥ «ወጣቶችን የሚመለከቱት የት የት ሄደው ነው?» የሚል ነው። አምስተኛው፥ «ከእርስዎ በፊት የነበሩት አሠልጣኝ የጽሑፍ ማስታወሻ ትተውልዎታል ወይ? እርስዎስ ይተዋሉ?» ነው። ስድስተኛውን የጻፈው ስሙን ያልገለጸ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እርሱም «እኛ ደጋፊዎች ሥራዎን የምናበላሽብዎ በምን በምን ነው?» ይላል። እንደ እውነቱ ከሆነ፥ ከሁሉ የበለጠ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ወረቀቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እርሳስም አለ። ስትወጡ አንብቡት፤ ጎደሎ ካገኛችሁ ሙሉበት፥ ስድብ ካገኛችሁ ሰርዙት። የፊታችን ቅዳሜ በፖስታ እንልከዋለን። መልስ ከመጣ፥ ወቀሳው በእኛ ላይ ቢሆን እንኳ አንድ ቃል ሳንቀንስ በዚህ ጋዜጣ ላይ እናወጣዋለን።