ያልሰማን መምህር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሐይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ በተማርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ የብረት ሣጥን ተንጠልጥሎ አየሁ። በእኛ ጊዜ «ፕላዝማ» ይባል የነበረው ቴሌቪዥን ማደሪያ ነበር።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሠራጨት የጀመረው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ወደ ሰማይ ይላክ ነበር፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ሳተላይት ተመልሶም በሩብ ሴኮንድ ገደማ ሐይቅ ይደርስ ነበር።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነበር። ከጓደኞቼ በርካታዎቹ ከአምባሰል ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ነበሩ፤ በወላጆቻቸው ቤት ቴሌቪዥን ይቅርና አምፖል አልነበረም። እነዚህ ልጆች የአዲስ አበባ ተማሪ የሚያየውን ያንኑ ሥዕል በዚያችው ደቂቃ ያዩ ነበር። ሶዲየም ውኃ ሲነካ እንዴት እንደሚንቦገቦግ እኔ ያወቅሁት ከዚያ መስኮት ነው። መሐንዲስ ለመሆን የተመኘሁትም እዚያው ነው፤ ስለዚህ ዛሬም ይናፍቀኛል ብል አላፍርም።

ነገር ግን መምህሩ አይሰማንም ነበር። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሴኮንድ ይታገሳል፤ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ሳለ «ዌል ደን!» ብሎ ያልፋል። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ እኛን ሳይጠብቅ ይሄዳል። በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ በአምባሰል ናትና፣ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ሲነገር ምን እንደሚጠፋ አገራችን ቀድሞ ያየው ነው። የፊዚክስ መምህራችን በተረፈቻቸው አምስት ደቂቃ ጠመኔ አንሥተው፣ ያመለጠንን በአማርኛ ሊመልሱልን ይጣደፉ ነበር።

ከከተማዋ አጠገብ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ተማሪው ያለፈውን ሳይመልስ መምህሩ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ከዚያ ገዳም በእግር በሚደረስበት ክፍል ውስጥ፣ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ መንገድ የሌለው መሣሪያ የተከልነው እኛ የሙያው ሰዎች ነን።

ይህን ስል ራሴን አላወጣም። እኔም ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የመሣሪያ ዝርዝር አርቅቄ ነበር፤ የስክሪኑ ስፋት፣ የድምፁ ጥራት፣ የኃይል ፍጆታው ሁሉ በሚገባ ተጽፎበታል። መምህሩ ትምህርቱን የሚያቆምበት ቁልፍ ግን አልነበረበትም። ከሐይቅ እንደ ተመለስኩ ያንን አንድ መሥመር ጨመርኩበት። የሥራ ባልደረቦቼ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚያንረው ጠየቁኝ፤ አሁን በማስላት ላይ ነኝ።